የራሴን ለቅሶ የደረስኩ ዕለት

ሰው የራሱን ለቅሶ ሊደርስ አይችልም የምትሉ ከሆነ ደሴን አታውቋትም። እኔ ደርሻለሁ። ዘግይቼም አልደረስኩም፤ ምግቡ ገና አልወጣም ነበር። ስለ ዝግጅቱ የማማርረው የለኝም። ድንኳኑ ቀጥ ብሎ ተተክሏል፣ አግዳሚው በቂ ነው፣ ሰዉም ከገመትኩት በላይ ነበር። ቅር ያለኝ በሌላ ነገር ነው። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ነገር ነው።

ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልናገር። ጠዋት ጠዋት ደሴ አንድ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ከሰዓት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ሌላ ኮሌጅ የማታ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። በመሐል ለፋብሪካዎች ሰነድ እተረጉማለሁ፣ የወዳጅ መጽሐፍ አርማለሁ፣ ጋዜጣ ላይ ሰውን የሚያናድድ መጣጥፍ እጽፋለሁ። ይኼ እንኳ እንጀራ ነው እንበል። የቀረው ግን እንጀራም አልነበረም። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነበርኩ። ቅሬ ማለት፣ ወሎን ለማታውቁ፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ልዩነቱ ከእድር መውጣት መቻሉ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩኛል። ሰርግ ላይ ንግግር የሚያደርግ ሲጠፋ ይጠሩኛል። ደጋን በምትባል ከተማ በአባታቸው መሬት የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ወራት ተመላልሻለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ጠባቸው ይታደሳል። እምቢ የሚለውን ቃል በሦስት ቋንቋ አውቀዋለሁ። በአንዱም ተናግሬው አላውቅም።

ይህን ሁሉ የማደርገው ደግ ስለሆንኩ አይመስላችሁ። እኔ ካልገባሁበት ነገሩ ሁሉ የሚበላሽ ስለሚመስለኝ ነበር። ትሕትና የሚመስል ትዕቢት አለ፤ የእኔ እሱ ነበር።

አንድ ቀን ማታ ኮምቦልቻ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አፌን ደም ደም አለኝ። ዓረፍተ ነገሩን ልጨርስ ብዬ ቀጠልኩ። ሳልጨርሰው ወደቅኩ። ተማሪዎቼ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ጨጓራዬ ቆስሎ ይደማ ኖሯል፤ የደም ግፊቴም ሐኪሙን ወንበሩን ስቦ አጠገቤ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሆነ።

«ስትሬስ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ሥራ ይቀንሱ፣ ይተኙ፣ ይረፉ። እንደገና ቢደማ እኛ ጋ መድረስዎን እርግጠኛ አይደለሁም።»

ስለ ዕረፍት ያነበብኩት መጽሐፍ መደርደሪያ ይሞላል፤ አንዱን ራሴ ተርጉሜዋለሁ፣ ያውም ሌሊት ሌሊት። ችግሩ በእኛ አገር ይህ በሽታ ስም የለውም። ደከመኝ ያለን ሰው «አይዞህ፣ በርታ» ነው የምንለው። የደከመው እኮ ሲበረታ ነው።

ከሐኪም ቤት እንደወጣሁ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። በሽተኛ መጠየቅ ትልቅ ምንዳ አለው፤ ምንዳው ግን ለጠያቂው ነው። በሽተኛው ተቀምጦ ያስተናግዳል። ጠያቂው ይህ በሽታ የገደላቸውን ዘመዶቹን በተራ ይቆጥራል። ሲወጣ ደግሞ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «እግረ መንገዴን፣ አያ ይመር፣ አንዲት ማመልከቻ ነበረችኝ» ይላል። እኔም እጽፋለሁ። ባለቤቴ ሐዋ ወደ ጓዳ ስትገባ ከትራሴ ሥር የተማሪ ወረቀት አውጥቼ አርማለሁ።

ከዚያ የኮምቦልቻው ኮሌጅ ኃላፊ ደወለ። የማጠቃለያ ፈተናው በማግስቱ ከሰዓት ነው፤ ካልቻልክ ሌላ ሰው እንፈልጋለን አለኝ። «ሌላ ሰው» የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እመጣለሁ አልኩት።

ሐዋ በሩ ላይ ቆማ ሰምታ ነበር።

«የት ነው የምትመጣው?»

«ፈተና ብቻ ነው። ቁጭ ብዬ ማየት ነው።»

«ሐኪሙ ያለህን እኔ ነኝ የሰማሁት ወይስ አንተ?»

«ሐዋ፣ ከእኔ ሌላ ሰው የላቸውም።»

«እኔስ?» አለች። ቀጥሎ ልመልስ ስል ወጥታ ሄደች። ጓዳ ውስጥ ስልክ ስታናግር ሰማኋት። የምታናግረው ቦሩ ሜዳ ያለችውን ታላቅ እህቴን ዘይነባን ነበር። ከዘይነባ ጋር ደግሞ ክርክር የለም።

በማግስቱ ገና ሱብሒ ተሰግዶ ሳያበቃ ዘይነባና ባለቤቷ ሰይድ በፒክአፓቸው ደጃችን ደረሱ። የደሴ ጉም ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የዚያን ዕለት የጎረቤት አጥር አይታይም። እኔ የሐኪሙን ማስተኛ ኪኒን ውጬ ሰውነቴ እንደ ጨርቅ ሆኗል።

«ተነሣ፣ እኛ ጋ ነው የምታርፈው» አለች ዘይነባ።

«ነገ እመጣለሁ፤ ዛሬ ኮምቦልቻ...»

«ሰይድ፣ በእግሩ በኩል ያዝልኝ።»

ከነፍራሼ አውጥተው ፒክአፑ ጀርባ ላይ ጫኑኝ። ጋቢ ደረቡብኝ። «ብርዱ ደረትህን ይመታዋል» ብላ ዘይነባ ፊቴንም ሸፈነችው። ሐዋ ሌሊቱን ስታለቅስ ስላደረች ዓይኗ አብጧል፤ በሩን ቆልፋ አጠገቤ ወጥታ ተቀመጠች። ስልኬን ቀምታኛለች። የሁለቱን ሴቶች ስልክም እንዳይደወልብኝ ብለው አጥፍተውታል። በጋቢው ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ቆመች፤ ግን አንድም ቃል አልተናገረችም። ይኼ እትዬ አስካለን ለሚያውቅ ሰው ሊያሳስብ ይገባ ነበር። እኔ ግን ተኛሁ።

ቦሩ ሜዳ ስነቃ ረፍዷል። ቤቱ ጭር ብሏል። ሐዋና ዘይነባ ለእኔ ሾርባ የሚሆን ዶሮ ፍለጋ ወጥተዋል፤ ሰይድ ማሳው ላይ ነው። አልዋሽም፣ እዚያ ፀጥታ ውስጥ አፍታ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ወዲያው ግን «ሌላ ሰው» የሚለው ነገር ተመልሶ መጣ። ተነሥቼ የሰይድን ቆብ አጠለቅኩ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናነብኩ፣ ሐዋ ትራሱ ሥር የተወችውን የቤታችንን ቁልፍ ያዝኩ፣ ግድግዳ እየደገፍኩ አስፋልቱ ጋ ደረስኩና ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ደሴ ቤቴ ገብቼ ልብስ እቀይራለሁ፣ ወረቀቶቼን እይዛለሁ፣ ኮምቦልቻ ወርጄ እፈትናለሁ። ሞት የሚመጣ ከሆነም ከፈተናው በኋላ ይመጣል ብዬ ተደራድሬያለሁ።

ሰፈሬ ስደርስ መንገዳችን አፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ድንኳኑ የእኔንም በር የጎረቤቴን የሼህ አራጋውንም በር ይዟል። ሼህ አራጋው ሰፈሩ በሙሉ «ዛሬ ነገ» እያለ ዓመታት የጠበቃቸው ሽማግሌ ናቸው። «ኢና ሊላሂ፣ አለቁ በቃ» አልኩ ለራሴ። ጉዳዩ አስደነገጠኝ፤ የደነገጥኩት ግን ስለ እሳቸው ብቻ አልነበረም። እኔ ጸሐፊው ሳልኖር ድንኳኑን ማን አወጣው? መዝገቡስ? ቤቴ ለመግባት ድንኳኑን ማቋረጥ አለብኝ፤ የሰው ለቅሶ አቋርጦ ልብስ ለመቀየር መሄድ ደግሞ ነውር ነው። ጥቂት ተቀምጬ እወጣለሁ ብዬ ገባሁ። «ሶብሩን ይስጣችሁ» አልኩ። «አሚን» አሉኝ። ጉሙ ድንኳኑ ውስጥ ድረስ ገብቷል። እኔም በሽታው አክስቶኝ፣ ጢሜ አድጎ፣ በጋቢ ተጠቅልዬ ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም። መጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ማን ሞተ ብዬ አልጠየቅኩም። አይጠየቅማ። ለቅሶ የገባ ሰው ያዝናል እንጂ አይመረምርም።

አጠገቤ የማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ቀስ ብለው ያወራሉ።

«ምን ነበር ያመመው?» አለ አንዱ።

«ሥራ ነዋ።»

«ሥራ ይገድላል እንዴ?»

«እንደሱ ያለውን ይገድላል። ሐረጎን ከሹፌሮቹ እኩል ነበር የሚመላለሰው። ሹፌሮቹስ መኪናው ሲበላሽ ያርፋሉ።»

ግራ ገባኝ። ሼህ አራጋው ሥራ መሥራታቸውን እንኳን እኔ አባቴም አያስታውስም። ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ መሰለኝ።

«ሳይነግሩን መውሰዳቸው ግን ደግ አይደለም» አለ የመጀመሪያው። «ወላሂ፣ ቅሬ እያለው እንደ ዕቃ ጭነው ሄዱ።»

«ዘመዶቹ አገሩ ሊቀብሩት ነው። ሚኒባሱ መጥቷል፤ ከዙሑር ሶላት በኋላ እንሄዳለን።»

ከዚያ ከፊት በኩል አንድ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ዱኣ ጀመረ። ሰዉ እጁን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ።

«ያ ረቢ፣ ባሪያህ ይመር ዕድሜውን ለሰው ሲሮጥ ኖሯል። አንተ ዘንድ እንኳ ቁጭ ይበል።»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ።

እኔም አሚን ብያለሁ። ካልኩ በኋላ ነው ቀና ብዬ ያየሁት። ዱኣ የሚያደርጉት ሼህ አራጋው ናቸው። በልጆቻቸው ተደግፈው ከአልጋቸው ወጥተው፣ ትራስ ተደርጎላቸው፣ ለእኔ ምሕረት ይለምናሉ።

ያኔ ብድግ ብዬ አለሁ ማለት ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። እናንተም በቦታዬ ብትሆኑ አትነሡም።  እውነቱን ልናገር፣ ማወቅ ፈለግኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ከሌለሁ ምን ይሆናል እያልኩ የኖርኩበት ጥያቄ መልሱ እፊቴ ተቀምጧል።

የቅሬው ዳኛ ሐጂ ሙሄ ተነሡ። ሸዋ በር ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አያታቸው ከየመን የመጡ ናቸው፤ ንግግራቸውም እንደ ጨርቃቸው ተለክቶ የሚቆረጥ ነው።

«ጀማዓው፣ አብሽሩ፣ አይዟችሁ። የቅሬው ሥራ አይቆምም። የጸሐፊነቱን ማኅተም ነገር ቅድም ጨርሰናል፤ ፋርማሲ ያለው ልጃችን ተመርጧል፣ እሺም ብሏል። መዝገቡንም ከወዲሁ አስተካክሎታል። ማሽአላህ፣ ጽሑፉ ይነበባል።»

የእኔ ጽሑፍ እንደማይነበብ እስከዚያች ቀን የነገረኝ አልነበረም።

ቀጥሎ ደሴ አብሮኝ የሚያስተምረው ከማል ተነሣ። ዓይኑ ቀልቷል። «የኮምቦልቻውን ፈተና እኔ ልፈትን ተነጋግረናል። ተማሪዎቹ ሲሰሙ አለቀሱ» አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ «ከዚያ ፈተናው ይራዘም ይሆን ብለው ጠየቁ» ሲል አንዳንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

ከዚያ ሁሉ የከፋው የደጋኑ ታላቅ ወንድም ነበር። እሱም ታናሹም መጥተዋል፤ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«እኛን ለማስታረቅ ሲመላለስ ነው ያለቀው» አለ ታላቁ። «ጠዋት ስንሰማ ተፋፈርን። እርቅ አውርደናል። መሬቱን እኩል ነው የምንካፈለው። እሱ ይየው።»

«አላሁ አክበር!» አለ ሰዉ።

እየውላችሁ። እኔ ወራት ሙሉ በአንደበት፣ በታሪክ፣ በተረት ያልቻልኩትን አንድ ረፋድ ሳልኖር ጨረስኩት። ወንበሮቼ ሁሉ ተይዘዋል፤ እኔ አስከሬን ሆኜ እንኳ ገና አልቀዘቀዝኩም። እንዲህ ሲሆን ሰው ሸክሙ ይቀልለዋል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔን አልቀለለኝም። ተናደድኩ። ተሰድቤ የተቀመጥኩ ያህል ፊቴ ጋለ። ከሁሉም ያሳመመኝ ማንም በክፋት አለማድረጉ ነው፤ እያለቀሱ ነው የተኩኝ።

ንዴቱ ይሆናል ጋቢዬን ከፊቴ ያስወረደኝ። እትዬ አስካለ በሴቶቹ በኩል ውሃ ይዛ ስታልፍ አየችኝ። ጆጉ ከእጇ ወደቀ።

«በስመ አብ!» ብላ አማተበች። «ይመር!»

ዞሩ። አንዱ አግዳሚ ከነሰዎቹ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ሐጂ ሙሄ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» እያሉ ምሰሶውን ያዙ። ዓይናቸው የደከመው ሼህ አራጋው ብቻ ምንም ሳይታያቸው፣ «ምንድን ነው ጫጫታው? አሚን በሉ እንጂ!» ብለው ተቆጡ።

«ሐጂ፣ አለሁ» አልኩ። «አልሞትኩም።»

«አልሞትክም?» አሉ ሐጂ ሙሄ። ሲረጋጉ የመጣባቸው ደስታ ሳይሆን ቁጣ ነው። «ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ለቅሶ ልደርስ ነዋ። ሼህ አራጋው የሞቱ መስሎኝ።»

«እኔ?» አሉ ሼህ አራጋው። «ሱብሃነላህ! ይኼ ልጅ ደግሞ ምን አድርጌው ነው?» 

«ማን ነው ሞተ ያላችሁ?» አልኩ።

 ሐጂ ሙሄ ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ።

«እኔ ሞተ አላልኩም!» አለች። «ተሸፍኖ ሲጫን አየሁ ነው ያልኩት። ሐዋም አጠገቡ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ይኼን ለሐጂ ነገርኩ። ሐጂ ናቸው እንግዲህ።»

«እኔስ መቼ ሞተ አልኩ? ድንኳን አውጡ ነው ያልኩት።»

«ድንኳን አውጡ ሲባል ማን ሞተ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ?» አሉ ከኋላ ድንኳን ተካዮቹ። «ተይዞ ይወጣል እንጂ!»

«ቤት ተዘጋ፣ ስልክ ተዘጋ፣» አሉ ሐጂ ሙሄ፣ «ደውለን ‹ሞተ ወይ› እንበል? መርዶ እኮ ነው። እንደዚያ የሚጠይቅ ሰው አይተሃል?»

አላየሁም። በእኛ ዘንድ ሞት በስሙ አይጠራም፤ በዝምታ ይወራል፣ በድንኳን ይታወቃል። እኔም እዚያው ተቀምጬ አልጠየቅኩም። ሰፈሩ በሙሉ አንድም ሰው ሳይዋሽ ገደለኝ።

«አጃኢብ ነው» አለ አንዱ፤ ሳቅ ተጀመረ። ከማል መጥቶ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ ሐጂ ሙሄ ቆፍጠን አሉ። ዳኛ ናቸውና ነገር ተንጠልጥሎ እንዲያድር አይወዱም።

«በል እንግዲህ፣ ባለ ማኅተሙ ሳይሞት ማኅተም አይዛወርም። ና አምጣ» አሉት ፋርማሲስቱን። ልጁ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ አየሁ።

«ፈተናውንስ ጋሼ?» አለ ከማል። «መኪና አለ፤ ከፈለጉ አብረን እንውረድ።»

የደጋኑ ታናሽ ወንድም እንኳ ታላቁን በክርኑ ጎሸም አደረገው። ምን ሊል እንደሆነ ገብቶኛል።

ሁሉም ነገር እፊቴ ተመልሶ ተዘረጋ። ሐኪሙ ያለኝን አልረሳሁም። ሆዴ ውስጥ ያ የማውቀው ማቃጠል ጀምሯል፤ ሐረጎን መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እጄን ግን ዘረጋሁ። ወላሂ ዘረጋሁ። ማኅተሙ ጣቴ ጫፍ ላይ ደርሷል።

በዚህ መሐል ነው ከመንገዱ ጫፍ ያ ጩኸት የመጣው።

ሐዋ ነበረች። እሷና ዘይነባ ከዶሮ ፍለጋው ተመልሰው አልጋው ባዶ ሆኖ ሲያገኙት ከሰይድ ጋር ወዲያው ወደ ደሴ ተነሥተዋል። ፒክአፑ መንገዳችን አፍ ላይ ቆመ፤ እሷ ድንኳኑን አየች። እሷም አልጠየቀችም። ድንኳን በራችን ላይ ነው፤ ባሏ ታሞ ጠፍቷል፤ ሌላ ምን ትጠይቅ?

ለብዙ ሰው አልቅሻለሁ፣ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ሁላችንም ከሚገባው በላይ ሰምተናል። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። ሙሾ አልነበረም፣ ዱኣም አልነበረም። ስድብ ነበር። «ነግሬህ ነበር! ነግሬህ ነበር እኮ! ነግሬው ነበር፣ ዘይነባ፣ ነግሬው ነበር!» እያለች ሻርፗ ወድቆ፣ አንድ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ሮጠች፤ ድንኳኑ ገመድ ጠለፋትና ጭቃው ላይ በጉልበቷ ወደቀች። ተነሥታ ለመሄድ አልሞከረችም። እዚያው መሬቱን በእጇ ትመታ ጀመር።

 ማንም «አለ» ብሎ ሊነግራት አፉ አልታዘዘውም። ማኅተሙን መሬት ላይ ጣልኩት መሰለኝ፤ በኋላ ከአግዳሚ ሥር ነው የተገኘው። አጠገቧ ተንበረከክኩ።

«ሐዋ። አለሁ። ተመልከቺኝ፣ አለሁ።»

ቀና ብላ አየችኝ። በጭቃ እጇ ፊቴን ዳሰሰችው፣ ጢሜን ያዘችው፣ ጆሮዬን ጎተተችው። ከዚያ በጡጫ ደረቴን መታችኝ። ደገመችኝ።

«ኧረ ተይ፣ ታሟል!» አለች እትዬ አስካለ።

«እሱ ነው ያመመኝ!» አለች ሐዋ።  ዘይነባ አቅፋ ወደ ቤት አስገባቻት።

እኔ እዚያው ጭቃው ላይ ቀረሁ። ሐጂ ሙሄ መጥተው በብብቴ ይዘው አነሡኝ። ማኅተሙ ተገኝቶ በእጃቸው ነው።

«እንካ» አሉኝ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ለልጁ ይሁን፣ ሐጂ።»

«ተቆጥተህ ነው?»

«ቅድም ተቆጥቼ ነበር። አሁን ደክሞኛል።»

ለከማል ውረድ አልኩት። ጥያቄው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚኮርጅ ልነግረው አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ያውቅበታል። የደጋኖቹ ሁለት ወንድማማቾች ተጠጉኝ።

«አያ ይመር፣ አንተ ካለህ... እርቁስ?» አለ ታናሹ።

«በቁሜ እያለሁ ሞተ ብላችሁ አልቅሳችሁብኛል» አልኩት። «እርቁን ካፈረሳችሁት እንባችሁን መልሱልኝ።»

ሳቁ፤ አላፈረሱትም። ምግቡም ተሠርቷልና ቀረበ። ለቅሶው ሸርተት ብሎ ሰደቃ ሆነ፤ ሼህ አራጋውም ዱኣቸውን ወደ ምስጋና አዙረው እንደገና ጀመሩ። እኔ ቤት ገብቼ ተኛሁ። ውጪ ድንኳኑን ሲነቅሉ፣ አግዳሚ ሲጭኑ፣ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ያለ ኪኒን ያሸለበኝ ያኔ ነው።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምናልባትም ይህን የምታነቡት ሌላ ሥራ እየሠራችሁ ሊሆን ይችላል፤ የምመክራችሁ ነገር ካለ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ብዙም የለኝም። ኮምቦልቻን ተውኩ። ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት ስልኬን እዘጋለሁ፣ አንድ መጣጥፍ ስጽፍ ሁለተኛ አልጀምርም። በሽተኛ ልጠይቅ ስሄድ ቶሎ እወጣለሁ፤ አንዳንዶች ተቀይመውኛል። ኑሯችን ጠበብ ብሏል። ደግሞም የተረጋጋ ሕይወት አሰልቺ ነው፤ ይህን የሚነግራችሁ የለም። ከሰዓቱ ይረዝማል። ሰው በሥራ ሸሽቶት የኖረው ነገር ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። ቀስ በቀስ ይለመዳል እንጂ አይጣፍጥም።

«ማንም የማይተካ የለም» የሚለው አባባል እንዳሳረፈኝ የሚያስቡ ወዳጆች አሉኝ። አባባሉን አልወደውም። ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጥኩበት ሰዓት ቢሆን ተመልሼ ሁሉንም ወንበር ልነጥቅ ነበር፤ እጄ ተዘርግቶ ነበር እኮ። መተካቴ አላስቆመኝም። ያስቆመኝ ጭቃ ላይ ያየሁት ነው፤ ቅሬው ለዚያ ቦታ የሚመርጠው ሰው አልነበረውም።

ቅሬውን ግን አልወቅስም። ሰው ሞተ ሲባል ሳይጠይቅ፣ ሳያንገራግር ሥራውን ጥሎ ይወጣል። የሚገርመኝ ይኼ ሁሉ ጉልበት ለሞተ ሰው ብቻ መዋሉ ነው። ሥራዬን የተካፈሉልኝ በሽተኛ ሳለሁ ቢሆን ምን ነበረበት? ይህን ለሐጂ ሙሄ አንሥቼባቸው ነበር።

«ለደከመው ሁሉ ድንኳን እንትከል ልትል ነው?» አሉ።

«ለምን አይሆንም?»

«ድንኳኑ አይበቃማ» አሉና ጨርቃቸውን መለካት ቀጠሉ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ከእንቅልፌ ስነቃ ሐዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። እጇን ታጥባለች፤ ጉልበቷ ተልጧል።  መስኮቱን እያየች፣

«ነገ የት ነህ?» አለችኝ።

«እዚህ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እዚሁ።»

ዞራ አየችኝ። የማላምነውን ተማሪ እኔ የማየው እንደዚያ ነው።

«እስኪ እናያለን» አለች።

ይኸው እስካሁን እያየች ነው።